አርባ አንደኛው ጉድጓድ

ልጆቼ፣ መንገድ ሲሠራ መጀመሪያ የሚመጣው ዶዘሩ ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም። ከዶዘሩ በፊት ቀያሾች ይመጣሉ፤ ከቀያሾቹ ኋላ ደግሞ እኛ እንመጣለን። እኛ ማለት አካፋ፣ ዶማ፣ ወንፊትና የላስቲክ ከረጢት ተሸክመን መስመሩን እየተከተልን የምንቆፍር ሰዎች ነን። መንገዱ ወይም ድልድዩ በሚያርፍበት መሬት ውስጥ የጥንት ሰው የተወው ነገር መኖር አለመኖሩን እናያለን። ካለ መሐንዲሶቹ መስመሩን ፈቀቅ ያደርጋሉ። ከሌለ ዶዘሩ ይገባል። ሥራው ይኸው ነው። እኔ ሃያ ሦስት ዓመት ሠርቼበታለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቀረው፤ አፈር በመለየት ግን ከማንም አላንስም። አላንስም ነበር ልበል።

አሠራሩን ልንገራችሁ፣ ሳታውቁት ነገሬ አይገባችሁም። መስመሩ ላይ በየሃያ ሜትሩ ችካል ይተከላል። ችካሉ ያለበት ቦታ ላይ ወርዱም ርዝመቱም ግማሽ ሜትር የሆነ ጉድጓድ እንቆፍራለን፤ ወደ ታች ደግሞ ሰው ነክቶት የማያውቅ ድንግል አፈር እስኪወጣ ድረስ። የወጣው አፈር በሙሉ ይነፋል። ገል፣ የተጠረበ ድንጋይ፣ አጥንት ወይም ከሰል ከተገኘ ከረጢት ውስጥ ገብቶ ቁጥር ይጻፍበታል። ምንም ካልተገኘ ቅጹ ላይ «ባዶ» ተብሎ ይሞላል። እያንዳንዱ ጉድጓድ የራሱ ገጽ አለው፤ ባዶውም ገጽ አለው። ባዶ ማለት እንግዲህ ተፈልጎ ታጣ ማለት ነው። ሳይፈልጉ ባዶ ማለት የለም።

አለቃችን የቅርስ ባለሙያ ናት። ገና ሠላሳ ያልሞላት፣ ቀጭን፣ ባርኔጣዋ ከራሷ የሚሰፋ ልጅ። እኛ ቆፋሪዎቹ «ሴንቲ» ነው የምንላት። «ሁለት ሴንቲ ወደ ግራ፣ ሦስት ሴንቲ ወደ ታች» ስትል ነው የምትውለው። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ዳቦዬን ቆርሼ ሳካፍላት፣ «አባባ፣ እኩል አይደለም» ብላኝ ሁላችንም ፍርፍር ብለን ስቀናል። እሷም ሳቀች። ሥራ ላይ ግን ቀልድ የለም። በኔ ታምናለች። «አባባ ባዶ ነው ካለ ባዶ ነው» ትላለች።

ወንፊቱን የሚነፋው ጓደኛዬ ደግሞ «ራዲዮ» ይባላል። ለምን እንደተባለ መናገር አያስፈልገኝም፤ አምስት ደቂቃ አብራችሁት ብትቆዩ ይገባችኋል።

በዚያ ዓመት የተሰጠን መስመር ወንዙን የሚሻገር አዲስ ድልድይና ወደ ድልድዩ የሚወስደው መንገድ ነበር። ሴንቲ ካርታውን መኪናው ኮፈን ላይ ዘርግታ ጣቷን ስታስኬድ፣ ጣቷ እህቴ ግቢ ላይ ደረሰ።

«ይሄ የእህቴ ቤት ነው» አልኳት።

«የእውነት? እሰይ፣ ውሻቸው አይነክሰንም ማለት ነው» አለችኝ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አባባ፣ እርስዎ የሚቆፍሩትን ይቆፍሩ። የሚሆነውን አብረን እናያለን።»

እህቴ በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስታርፍ እኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እኔ እትዬ እላታለሁ፣ እሷ ወንድምዓለም ትለኛለች። ባሏ ግንበኛ ነበር። እድሜውን ሙሉ የሰው ግቢ ሊሾ ሲያደርግ ኖሮ የራሱ ግቢ ግን ዝናብ በመጣ ቁጥር ጭቃ ነበር። «የሚቀጥለው በጋ፣ የሚቀጥለው በጋ» እንዳለ ሞተ። ሐዘኗን ከጨረሰች በኋላ እትዬ ምን አደረገች መሰላችሁ? ጠጠሩን ከወንዝ በባልዲ አመላለሰች፣ አሸዋውን ነፋች፣ ሲሚንቶውን አቦካች፣ በባሏ የግንበኛ ማንኪያ ተንበርክካ ግቢውን ከአጥር እስከ አጥር ለሰነችው። በሰባ ሁለት ዓመቷ። ስድስት ሳምንት ፈጀባት። ውሃው ወደ ውጭ እንዲፈስ ወደ በሩ ትንሽ አጋድላዋለች፤ ውሃ ልኩን ያየ ግንበኛ ሁሉ «ይሄን ማን ሠራው?» ብሎ ይጠይቃል። ጎረቤቶቿ «ወደሷ ግቢ ስንገባ ጫማችንን ልናወልቅ ምንም አልቀረንም» እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም ደስ ይላታል።

ቁፋሮው ከመድረሱ በፊት ባለው እሁድ ልጠይቃት ሄድኩ። ሻይ ቀድታልኝ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ወንድምዓለም፣ ቤቴን ሊወስዱት ነው?»

«ገና ነው እትዬ። መስመሩ በእርሳስ ነው የተሰመረው።»

«በእርሳስ ከሆነማ አጥፋዋ።»

«እኔ አላጠፋውም። የሚያጠፋው የሚገኝ ነገር ነው። የጥንት ነገር ካገኘን ያዞሩታል፣ ወደ ታች ባዶ ጠጠር ሜዳ አለ።»

«ታዲያ እኔ አለሁ አይደል? ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ከዚህ በላይ ጥንት ከየት ታመጣለህ?»

«ካንቺ ትንሽ የሚበልጥ ነው የሚፈልጉት።»

ሳቀች። ከዚያ ወደ ጓዳ ዞር ብላ አየችና ሹክ አለችኝ፦ «የአማቴ የተሰበረ ማሰሮ ጓሮ ወድቋል። አንዷን ስባሪ ጉድጓዱ ውስጥ ጣል ብታደርጋት ምን አለበት?»

«እትዬ፣ እሱን አላደርገውም። በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ የሌለ ነገር ጉድጓድ ውስጥ ከትቼ አላውቅም።»

ሻይዬን ሞላችልኝ። ቀጥላም «ጎሽ» አለች። «ልፈትንህ ነው ያልኩት። ሌባ አላሳደግኩም።»

እየፈተነችኝ እንዳልነበረ ሁለታችንም እናውቃለን። ግን ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ሰው በራሱ እንዲህ ደስ ያለው ቀን ቢጠነቀቅ ይሻለዋል ልጆቼ።

ረቡዕ ዕለት አርባኛውን ጉድጓድ ከእትዬ አጥር ውጭ፣ መንገዱ ዳር ቆፈርን። ባዶ ነው። ከአጥሩ ወዲያ አርባ ሁለተኛውን ራዲዮ ማክሰኞ ቆፍሮት ነበር። እሱም ባዶ። አርባ አንደኛው የእትዬ ግቢ መሀል ላይ ወደቀ። ቀያሾቹ ሊሾ ላይ ችካል መትከል ስላልቻሉ ቀይ ቀለም ነስንሰው መስቀለኛ ምልክት አድርገዋል። እትዬ ምልክቱን በእርጥብ ጨርቅ ስትፈትገው ደረስን።

«አይለቅም» አለችን ቀና ሳትል። «የማን ልጅ ነው ሊሾዬ ላይ ቀለም የደፋው?»

ራዲዮ ከባዱን መዶሻ ከትከሻው አውርዶ እጁ ላይ እንትፍ እንትፍ አለ። «ከየት ልጀምርላት?» አለኝ።

እትዬ ቀስ ብላ ተነሳች። ጨርቁን ጨመቀችው። «ልትሰብረው ነው?» አለችኝ።

«ሥራ ሆኖብኝ ነው እትዬ።»

«እሺ» አለች። «ሥራ ከሆነ እሺ።»

ላለማየት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አልለመነችኝም፣ አልተቆጣችም። እሺ ነው ያለችው። ይህን የምደጋግመው ወድጄ አይደለም።

ደንቡ ግልጽ ነው። ጉድጓዱ የሚያርፍበት ቦታ ካስቸገረ እስከ ሁለት ሜትር ድረስ ማንሸራተት ይቻላል፣ ምክንያቱ ይጻፋል። ግን ሁለት ሜትርም፣ አምስት ሜትርም ቢንሸራተት ሊሾ ነው። ሌላው መንገድ ሴንቲን ጠርቶ መጠየቅ ነበር። ሴንቲ ደግሞ ከታች ወንዙ ዳር እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ገብታ የገደሉን የአፈር ድርብርብ ወረቀት ላይ ትስል ነበር። ብጠራት ምን እንደምትል አውቃለሁ፤ «አባባ፣ ይሰበር፣ መሥሪያ ቤቱ ያስጠግናል» ነው የምትለው። የመሥሪያ ቤቱ ጥገና ደግሞ አንድ አካፋ አሸዋ ነው።

ይሄ ሁሉ ምክንያት ሰበብ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ። የእትዬን ጀርባ አየሁት። ትከሻዋ እናታችን የሞተች ቀን እንደነበረው ተሰብሯል። እና አንድ ጊዜ፣ በዕድሜዬ አንድ ጊዜ፣ እሷ ፊት ትልቅ ሰው ልሁን አልኩ።

«አስቀምጠው» አልኩት ራዲዮን።

«ምኑን?»

«መዶሻውን። እኔ እያለሁ የእህቴን ሊሾ የሚነካ የለም።»

እትዬ ዞረች። ያን ፊቷን እስከምሞት አልረሳውም። አራተኛ ክፍል ሳልፍ እንኳ እንዲያ አላየችኝም። መጥታ ግንባሬን ሳመችኝ፣ ራዲዮ ፊት፣ ስልሳ ሁለት ዓመት የሞላኝን ሰውዬ።

ከአጥሩ ውጭ ስንወጣ ራዲዮ «እና አርባ አንድስ?» አለኝ።

«አርባ ባዶ ነው፣ አርባ ሁለት ባዶ ነው። በሁለት ባዶ መሀል ምን ይገኛል?»

«እሱማ ባዶ ነው የሚሆነው። ግን መቼ ቆፈርነው?»

«አሁን እየቆፈርነው ነው» አልኩና ከአርባኛው ጉድጓድ የወጣውን የአፈር ክምር በአካፋ ዛቅ አድርጌ ወንፊቱ ላይ ደፋሁለት። ሴንቲ ከታች ቀና ብላ ብታይ ወንፊት ሲወዛወዝ፣ አቧራ ሲነሳ ነው የሚታያት።

ራዲዮ አፈሩን ነፋ ነፋ አደረገና «ከዚህ አፈር ጋር ቅድም ተዋውቀናል መሰለኝ» አለ።

«ዝም ብለህ ንፋ።»

ዝም አለ። ዕድሜ ልኩን ወሬ ሲያቀብል የኖረ ሰው፣ ይህቺን አንዷን ወሬ ደብቆ ያዘልኝ። ምነው ያን ቀን እንኳ እንደ ወትሮው በለፈለፈ።

ቅጹን ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሞላሁት። ቁጥር አርባ አንድ። ጥልቀት ሰማንያ ሴንቲ። የአፈሩ ቀለም ቡናማ። ባዶ። የሌለ ገል ብከት ውሸት መሆኑን አውቅ ነበር። ባዶን መዋሸት ግን ውሸት አልመሰለኝም። ምንም የሌለበትን ምንም የለም ብል ማንን እጎዳለሁ አልኩ። ሃያ ሦስት ዓመት አንድም ነገር ጨምሬ ስለማላውቅ፣ መቀነስ ሌብነት መሆኑ ጨርሶ አልታየኝም።

ማታ ሴንቲ ቅጾቹን ስታገላብጥ ቆም አለች። «አርባና አርባ አንድ መንታ ይመስላሉ» አለች።

«አፈሩ አንድ ነው የኔ ልጅ።»

«እሺ አባባ» ብላ ፈረመች።

ከዚያ በኋላ ያለው በራሱ ጊዜ የሚሄድ ነገር ነው። ሪፖርቱ ተጠረዘ። ከሠላሳኛው እስከ ሃምሳኛው ጉድጓድ ያለው ክፍል ምንም የለበትም ተባለ። መሐንዲሶቹ እርሳሱን በቀለም ደገሙት። ከአራት ወር በኋላ እትዬ ማህተም ያለበት ወረቀት ይዛ መጣች፤ ማንበብ ስለማትችል እኔ አነበብኩላት። በሁለት ወር ውስጥ ልቀቂ ይላል። ምትክ ቤት ፎቅ ላይ ተሰጥቷታል፣ ሦስተኛ ደርብ።

አንብቤ ስጨርስ ወረቀቱን አጣጥፋ ጡቷ ሥር ወሸቀችው። እኔን ደግሞ ታጽናናኝ ጀመር። «አንተ ምን ታደርግ ወንድምዓለም» አለችኝ። «እንደሆነ ለፍተሃል፣ ሲጠፋ ምን ይደረጋል።»

ዕቃዋን ራዲዮና እኔ አጓጓዝን። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ አልጋዋ አልገባም፤ እግሩን በመጋዝ ቆርጠን አስገባነው። አዲሱ ክፍል ንጹሕ ነው፣ ውሃ አለው፣ መስኮት አለው። ግቢ የለውም። እትዬ ጠዋት ጠዋት መጥረጊያዋን ይዛ ትነሳና የት እንደምትጠርግ ግራ ይገባታል። ደረጃውን መጥረግ ጀመረች። ደረጃ ላይ ላገኘችው ጎረቤት ሁሉ የምታወራው አንድ ወሬ ነው፤ ቤቷ ሊፈርስ ሲል ወንድሟ የመንግሥት ሥራ ላይ ሆኖ እንኳ ሊሾዋን አልሰብርም ብሎ እምቢ እንዳለ። «ዶዘር ሰበረው እንጂ የወንድሜ እጅ አልነካውም» ትላለች። ጎረቤቶቿም እኔን ደረጃ ላይ ሲያዩኝ «እርስዎ ነዎት አይደል?» ይሉኛል። እኔም አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ፤ እነሱ ትሕትና ይመስላቸዋል።

ቤቱ በፈረሰ በሦስተኛው ቀን ራዲዮ ደወለ። እሱ ሲደውል ሁልጊዜ ሳያቋርጥ ነው የሚያወራው። ያን ቀን «ና» ብሎ ዘጋው።

ስደርስ ዶዘሩ ቆሟል። ኦፕሬተሩ ሲጋራውን ይዞ ሰንሰለቱን ተደግፏል። የሊሾው ስባሪ እንደ ብስኩት ተቆላልሏል፤ ከሥሩ ክንድ ተኩል የማይሞላ አፈር፣ ከአፈሩ ሥር ደግሞ ድንጋይ ንጣፍ። ጎን ለጎን፣ አንዱ ካንዱ ጋር እንደ ጥርስ የተጋጠመ። ንጣፉ ውስጥ እስከ አንገታቸው የተቀበሩ ትልልቅ ጋኖች በመስመር ቆመዋል፤ ማሽኑ ሁለቱን ሰብሯል፣ አምስቱ ደህና ናቸው። ጫፉ ላይ የበር መድረክ አለ። ድንጋዩ መሀሉ ጎድጎድ ብሏል፤ ስንት ዘመን ስንት እግር እንደረገጠው እግዜር ይወቅ። የሰው ቤት ነው። እትዬ ቤት ሥር ሌላ ቤት ነበር። በሃያ ሦስት ዓመት ሥራዬ እንደዚያ ያማረ ነገር አልገጠመኝም።

ሴንቲ ተንበርክካ በብሩሽ ትጠርጋለች። ቀና ብላ አየችኝና ተነሳች። ሳይሰበር የቀረውን የሊሾ ቁራጭ በሁለት እጇ ገልብጣ ሥሩን አየች። ቀይ ቀለሙ አሁንም ላዩ ላይ አለ፣ እትዬ ፈትጋ ያቃታት። ከዚያ የአፈሩን ገደል በሜትር ለካች። የተቆፈረ መሬት ተመልሶ ቢሞላም ምልክቱ አይጠፋም፤ አፈሩ ይሳሳል፣ ቀለሙ ይደበላለቃል። ይሄን ለእሷ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

«አባባ» አለችኝ፣ «አርባ አንድ ተቆፍሯል?»

ራዲዮ አጠገቤ ቆሟል። መሬት መሬት ያያል።

«አልተቆፈረም» አልኳት።

«ለምን?»

«የእህቴ ሊሾ ነበር።»

ብትጮህብኝ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሜትሩን ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው። «መጥቼ ማየት ነበረብኝ» ብቻ ነው ያለችው።

ሥራው ለስድስት ሳምንት ቆመ። ኮት የለበሱ ሰዎች መጡ፣ ጋኖቹ አጠገብ ቆመው ፎቶ ተነሱ። ለማሽኑ ኦፕሬተር «ያገኘው እሱ ነው» ተብሎ የምስክር ወረቀት ተሰጠው፤ ሁለቱን ጋን የሰበረውም እሱ መሆኑን ያነሳ የለም። ከዚያ መሐንዲሶቹ ካርታውን ዘርግተው መስመሩን ስልሳ ሜትር ወደ ታች፣ ወደ ጠጠር ሜዳው አዞሩት። አንድ ከሰዓት በኋላ ነው የፈጀባቸው። ልጆቼ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ። የእትዬ ቤት ፈርሶ መንገዱ በዚያ አላለፈም።

ጥፋቱ ሲጠየቅ ፊርማው የሴንቲ ነው። እኔን ልታጋልጠኝ ትችል ነበር። «ጉድጓዱ መቆፈሩን ሳላረጋግጥ ፈርሜያለሁ» ብላ ጻፈች። ከመስክ አነሷት፤ አሁን መጋዘን ውስጥ ተቀምጣ ሌሎች ያገኙት ነገር ያለበት ከረጢት ላይ ቁጥር ትጽፋለች። እኔም ሄጄ ለኃላፊው ጥፋቱ የኔ ነው አልኩት። «ሽማግሌ ናቸው» አሉና ኮንትራቴን ሳያድሱት ቀሩ። ልሰናበታት መጋዘኑ የሄድኩት ዓመት ቆይቶ ነው፣ መንገዱ ካለቀ በኋላ። የመስኮት ብርሃን እንኳ የለም፣ አምፖል ሥር ነው የምትሠራው።

«ለእህትዎ ነግረዋቸዋል?» አለችኝ።

«አልነገርኳትም። እሷ በዚያች ነገር ነው የምትጽናናው።»

«ለኔ የነገሩኝ ስላየሁት ነው አባባ» አለች፣ ከከረጢቱ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ። «እሳቸው አላዩም። ለእሳቸው ካልነገሩ ለማንም አልነገሩም።»

ልጅ ናት፣ የራሴ ልጅ ልትሆን ትችላለች።

አንድ ሳምንት የእትዬ ፎቅ ደረጃ ሥር እየደረስኩ ተመለስኩ። በስምንተኛው ቀን ወጣሁ። እትዬ ሻይ ቀዳች፣ ዳቦ ቆረሰች፣ የጎረቤት ልጅ ትምህርት ማለፉን አወራችኝ። እስክትጨርስ ጠበቅኳት።

«እትዬ፣ ያን ቀን ጉድጓዱን አልቆፈርኩትም።»

«አውቃለሁ እኮ። ለኔ ስትል።»

«ወረቀቱ ላይ ግን ቆፍሬ ምንም አጣሁ ብዬ ነው የጻፍኩት።»

«እና?»

«እና ነበረበት። ቤትሽ ሥር የጥንት ሰው ቤት ተገኘ።»

ይህን ሰምታለች፣ ሰፈሩ ሁሉ ያወራል። ግን አላገናኘችውም ነበር። ማንስ ያገናኘዋል? አሁን ስታገናኘው አየኋት። ብርጭቆዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ብትቆፍረው ታገኘው ነበር?»

«ክንድ ተኩል አይሞላም። ዶማው ይነካው ነበር።»

«ብታገኘውስ?»

«መስመሩን ያዞሩታል። አሁን ወዳዞሩበት።»

«ቤቴስ?»

«ይቆም ነበር እትዬ።»

ውጭ ደረጃው ላይ ሰው እየሳቀ ሲወርድ ይሰማል። እትዬ እስኪያልፍ ጠበቀች።

«ጉድጓዱ ምን ያህል ነው ስፋቱ?»

በእጄ አሳየኋት። አልበቃትም። ወንበሩን ይዛ ወለሉ ላይ ተንበረከከችና መዳፎቿን መሬት ላይ አኖረች። «ከዚህ እስከዚህ?»

«አዎ።»

«በዚህም በኩል ይቺኑ ያህል?»

«አዎ እትዬ።»

እጆቿ መሀል ያለውን ወለል አየችው። «ይቺንማ በአንድ ጠዋት እለስናት ነበር» አለች። «የግንበኛ ሚስት ነኝ። ቦታውም አይታወቅም ነበር።» ከዚያ፣ ለኔ ይሁን ለወለሉ እንጃ፣ «እሺ ብዬህ ነበር እኮ» አለች።

ላነሳት እጄን ዘረጋሁ። ወንበሩን ይዛ ራሷ ተነሳች። ነጠላዋን ለበሰችና «ሂድ፣ አሳየኝ» አለችኝ።

በአውቶቡስ ሄድን። አዲሱ መንገድ አልቋል፣ መኪናው ስልሳ ሜትር ዝቅ ብሎ ይበራል፤ ድልድዩም ቆሟል፣ ያማረ ድልድይ ነው። የእትዬ ግቢ በሽቦ ታጥሯል። ጋኖቹ ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ ሠርተውላቸዋል። በሩ ላይ ሰሌዳ አለ፣ ሰሌዳው ሥር አንድ ጥበቃ ላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጧል። እትዬ ቀጥ ብላ ወደ በሩ ሄደች፤ ድሮ ከገበያ ስትመለስ እንደምትገባው።

ጥበቃው ተነሳ። «እማማ፣ መግባት ክልክል ነው።»

«ቤቴ ነው።»

ሰውየው እኔን አየኝ፣ መልሶ እሷን አያት። ክፉ ሰው አይደለም። «እማማ፣ ይሄ የጥንት ሰዎች ቤት ነው» አላት ረጋ ብሎ። «ሰሌዳውን ያንብቡት።»

«አንብብልኝ» አለችኝ።

አነበብኩላት። እዚህ ቦታ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ሰዎች ይኖሩ እንደነበር፣ እህል በጋን ያስቀምጡ እንደነበር፣ ወለላቸውን በጥሩ ሙያ በድንጋይ ያነጠፉ እንደነበሩ፣ ስፍራው ለመንገድ ሥራ በተደረገ ቁፋሮ እንደተገኘ ይላል።

«ስለኔስ?»

«ምንም አይልም እትዬ።»

በሽቦው በኩል የበሩን መድረክ ድንጋይ ስታይ ቆየች። ጥበቃው ወንበሩን አቀረበላት። «ይቀመጡ እማማ፣ ደክሞዎታል።» ተቀመጠች። ከሽቦው ውጭ፣ ፊቷን ወደ ግቢዋ አድርጋ፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ።

እኔ ከኋላዋ ቆምኩ። ፀሐዩ ይከብዳል፣ ጥላ የለም። ከአምስት ዓመቴ ጀምሮ የትም ቦታ ስንደርስ መጀመሪያ ለኔ መቀመጫ የምትፈልገው፣ «አንተ ቁጭ በል» የምትለኝ እሷ ነበረች። ጠበቅኩ። ብዙ ቆየን፣ አንድ አውቶቡስ አለፈን፣ ሌላም አለፈን። ቁጭ በል አላለችኝም።